የእማዬ ጸበልና የእኔ ፍሪዌይ

ትሕትና መልካም ነገር ነው። ይህን ታሪክ ግን በትሕትና ላወራው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ብኮራባችሁ ቻሉኝ። የምኮራውም በራሴ ብቻ አይደለም። በእናቴ፣ በአንድ ቄስ፣ በአንዲት አሮጌ ታክሲ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጭንቄ ቀን ባልተወኝ አምላኬ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ አካባቢ፣ አገሩ ሎስ አንጀለስ ነው። ዛሬ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለው የፌርፋክስ ሰፈር ያኔ ገና ስም አልወጣለትም። እኔ ሙሉነሽ ከጎዳናው ጀርባ አንዲት አፓርታማ ተከራይቼ እኖር ነበር፤ ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነበር። ታክሲ የሚነዳ ሀበሻ በየጥጉ ሞልቷል፣ ከሰፈራችን ሴት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ተሳፋሪ በሩን ከፍቶ «ሹፌሩ የታለ?» ሲለኝ «ሹፌሩ ቀሚስ ለብሷል፣ ግባ!» እለዋለሁ። ምላሴ እንኳን ለሰው ለራሴም አይመለስም ነበር።

ነገር ግን አንድ ጉድ ነበረብኝ። ፍሪዌይ አልገባም። አዎ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ያን መብራት የሌለውን፣ መኪና የሚበርበትን ፍሪዌይ የማይገባ ታክሲ ነጂ! ከአገር ስወጣ በሱዳን በረሃ የተሳፈርንበት የጭነት መኪና በፍጥነት ሲበር ተገልብጦ፣ ከሥሩ ጎትተው ነው ያወጡኝ። ከዚያ ወዲህ መኪና ፈጠን ባለ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ስለዚህ ኤርፖርት ለመድረስ ላ ሲየኔጋ የሚባለውን የውስጥ መንገድ ይዤ፣ በየመብራቱ እየቆምኩ ነበር የምሄደው። ወንዶቹ ሹፌሮች ይህን ደርሰውበት ስም አወጡልኝ፤ «እሜቴ ላ ሲየኔጋ» ይሉኝ ነበር። ፊት ለፊት እየሰደብኳቸው ውስጥ ውስጡን አፍር ነበር። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ «ጌታዬ፣ ይህን ፍርሃት ንቀልልኝ» እላለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ ያው ላ ሲየኔጋን እይዛለሁ።

በዚያው ዓመት እናቴን እትዬ በላይነሽን ለሕክምና አስመጣኋት። ከልጅነቷ የያዛት የልብ በሽታ ነበረባት፤ እዚህ ሲመረመር የልቧ ቫልቭ ተበላሽቷልና በኦፕሬሽን ካልተቀየረ ረጅም ጊዜ አትቆይም ተባለ። እማዬ ስትመጣ በሻንጣዋ ውስጥ በጋቢ የተጠቀለለ አንድ ጄሪካን ጸበል ይዛ ነበር፣ ከአጥቢያዋ ከኪዳነ ምሕረት የተቀዳ። የኤርፖርቱ ፈታሽ ለማስተርጎም አስጠራኝ፤ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና «ምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ውሃ ነው» አልኩት። «አሜሪካ ውሃ የለም ያላት ማነው?» አለኝ። ለእማዬ ስተረጉምላት «እንዲህ ያለው የላቸውም በይው» አለች።

ጸበሉን አልነካችውም። ኦፕሬሽኑ በሚደረግበት ቀን ጠዋት በባዶ ሆዷ ልትጠጣው፣ ቄስ ጸሎት ሊያደርጉላት፣ ከዚያ ወደ ቢላዋው ልትገባ ነበር ሐሳቧ። እኔም ሁሉን አዘጋጅቼ ነበር። ከኤርፖርቱ ወዲያ ቶራንስ የሚባል ከተማ ያለ ሐኪም ቤት ለምርመራ ቀደም ብላ ተኛች፤ ኦፕሬሽኑ ሐሙስ ነው ተባለ፤ ቄሳችን ቄስ ጥበቡም ሐሙስን ከሥራቸው ፈቃድ ጠየቁ።

ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የሐኪም ቤቱ ነርስ ነበረች። የሐኪሙ ፕሮግራም ተለውጦ ነገ ለወር ስለሚሄድ ኦፕሬሽኑ ዛሬ ቀትር ላይ ነው አለችኝ።

«እናትሽ ግን እምቢ ብለዋል። ምን እንደሚሉ አልገባንም፤ አንቺ አነጋግሪያቸው» ብላ ስልኩን ለእማዬ ሰጠቻት።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ! ቢላዋቸውን ስለው ቆመዋል። ጸበሌ የት አለ? ቄሴስ የት አሉ?»

«እማዬ፣ ሐኪሙ ነገ ሊሄድ ነው እኮ። እስኪመለስ ወር ያልፋል። ልብሽ ደግሞ ወር አይጠብቅም ብለውናል፤ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ሙሉዬ፣ ሞትን አይደለም የምፈራው፤ ሳልዘጋጅ መሄድን ነው። ጸበሌንና ቄሴን ይዘሽ ነይ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይቅደዱ።»

ስልኩን ነርሷ ተቀበለቻት። ቀትር ካለፈ ክፍሉ ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል አለችኝ። እናቴን አውቃታለሁ፤ ተራራ ይነቃነቃል እንጂ እሷ አትነቃነቅም። ያለ ጸበልና ያለ ቄስ ብደርስ አልነካም ትላለች፣ ካልተነካች ደግሞ ትሞታለች። ቀትር ሳይደርስ ሁለቱንም ይዤ ቶራንስ መድረስ ነበረብኝ።

ጸበሉን አቅፌ ወረድኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። ጸበል ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ እግር የሚረግጠው ወለል ላይማ ጭራሽ አይታሰብም። ቀረኝ የኋላ ኮፈን። እዚያ ደግሞ ዘይት የነካው ጨርቅ አለ፣ ክሪክ አለ፣ ራዲያተሬ ትንሽ ትንሽ እያፈሰሰ ስለሚያስቸግረኝ በየቀኑ የማጠጣበት አንድ ጋሎን ውሃ አለ። ጸበልን ከዚህ ኮተት ጋር! በስመ አብ! ሁሉንም አውጥቼ አጥሩ ሥር ወረወርኩና ንጹሕ ነጠላ አነጠፍኩ። ጸበሉንም በክብር አስተኝቼ ሞተር አስነሳሁ።

ቄስ ጥበቡ ሰንበት ሰንበት በተከራየነው አዳራሽ ይቀድሱልናል፤ በሥራ ቀን ደግሞ ፒኮ ሮበርትሰን አካባቢ የአንድ ቢሮ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ያቆማሉ። ስደርስ ጀርባው ላይ «ፓርኪንግ» የሚል የተጻፈበት ቀይ ሰደርያ ለብሰው የሰው መኪና ወደኋላ እያስገቡ ነበር።

«ይፍቱኝ አባቴ!»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?»

ነገርኳቸው። ሳልጨርስ ቁልፎቹን ከየመንጠቆው ሰብስበው ወደ አለቃቸው ሄዱ። አለቅየው ሲቆጣ ከመኪናዬ ሆኜ ይሰማኛል፤ «አሁን ከሄድክ ነገ አትምጣ!» ይላል። ቄስ ጥበቡ «ኦኬ፣ ታንክ ዩ» ብለው ቁልፎቹን አስረከቡት። ሰደርያቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ መስቀላቸው ያለበትን የምሳ ቦርሳ ይዘው ከጎኔ ገቡ።

ላ ሲየኔጋን ያዝኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ያ ስንት ዓመት ያገለገለኝ መንገድ በዚያን ቀን ከዳኝ። ቆፋሪዎች መንገዱን ሰንጥቀውታል፣ መኪናው በአንድ መስመር እየተሳበ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ ምንም አልቀመስኩም፤ ሙቀቱ ደግሞ ከላይ ይቀቅላል። በቀኜ በኩል የፍሪዌዩ መግቢያ አፉን ከፍቶ ይታየኛል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላ ጡሩንባ በጡሩንባ ሆነ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አሉ ቄስ ጥበቡ።

«አባቴ፣ እኔ ፍሪዌይ አልገባም።»

«ታክሲ ነጂ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ግን እፈራለሁ። እጄን አይዩትም?»

እጄን አዩት። መሪው ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

«እንግዲህ እኔም እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «እኔም መኪና እፈራለሁ። ቀኑን ሙሉ የማቆማቸው ሮጠው እንዳይሄዱብኝ ነው።»

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ።

«ሁለት ፈሪዎች ነን» አሉ፣ «ሦስተኛውን ይዘን እንግባ።» ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። «ጸሎቱን ለእኔ ተዪው። ዓይንሽን ጨፍነሽ እንዳትጸልዪ ብቻ።»

አማተብኩና ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ ዛሬም አላውቀውም። ቄስ ጥበቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በግዕዝ ይጸልያሉ። የጭነት መኪናዎቹ በግራና በቀኝ ሲያልፉ መኪናዬ ትንዘፈዘፋለች፣ እኔም እንዘፈዘፋለሁ። ጥርሴን ነክሼ «እናቴ፣ እናቴ» እያልኩ ነው የምነዳው። መሪውን የያዘው የእናቴ ፍቅር ነበር፤ ሰላም ግን በውስጤ አልነበረም፣ አልዋሻችሁም።

ኤርፖርቱን አለፍ እንዳልን መንገዱ ተዘጋጋ። መኪና በመኪና ላይ ሆኖ ቆመ። ያኔ ነው የሙቀት መለኪያውን ያየሁት፤ ቀዩን ነክቷል። ወዲያው ከፊት ኮፈኑ እንፋሎት ቡልቅ ማለት ጀመረ።

«ወይኔ! ፈላች!»

እንደምንም ወደ መንገዱ ዳር አወጣኋትና ሞተሩን አጠፋሁ። «ውሃ አለኝ፣ አይጨነቁ አባቴ» እያልኩ ሮጬ የኋላውን ከፈትኩ።

ነጠላው ነጭ ሆኖ ተነጥፏል። በላዩ ጸበሉ ተኝቷል። ጋሎኔ የለም። ለጸበሉ ክብር ብዬ ራሴ በእጄ አውጥቼ ፌርፋክስ አጥር ሥር ጥዬዋለሁ።

ከመንገዱ ዳር መኪና ለተበላሸበት የቆመ ቢጫ ስልክ አለ፤ ብደውል ጎታች መኪና እስኪመጣ ቀትሩ ያልፋል። ቄስ ጥበቡ በእግር ወርጄ ውሃ ልፈልግ አሉ፤ መውጫው ሩቅ ነበር። በአጠገባችን የሚሳበውን መኪና ሁሉ በእጄ ለመንኩ፤ መስኮት የከፈተልኝ የለም። ያኔ ንዴቴ ሁሉ ወደ ላይ ሆነ።

«ለክብርህ ብዬ ነው እኮ ያወጣሁት!» አልኩ ሰማዩን እያየሁ። «ደግ ሠራሁ ብዬ ነው! ይኸው ነው ውለታህ?»

ቄስ ጥበቡ አዩኝ። ከዚያ ጄሪካኑን አዩ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ያሰብነውን አውቀነዋል።

«አይሆንም» አልኩ በመጨረሻ። «አባቴ፣ እንዴት አድርጌ? ዘይትና ዝገት ውስጥ? እማዬ ከአገሯ ድረስ ተሸክማ ያመጣችውን? ይቀሥፈኛል!»

ጥላ ፈልገው ከመኪናዋ ጎን ተቀመጡ። ላባቸውን ጠረጉ። እሳቸውም ቢሆኑ ቀላል አልሆነላቸውም፣ ይታያል።

«ልጄ፣ ጸበል ለምን ተሰጠን?»

«ለመዳኛ።»

«ለማን መዳኛ? ለጄሪካኑ ነው?»

«ለሰው።»

«እናትሽ ትድን ዘንድ ዛሬ መንገዱ በዚህች መኪና በኩል ሆኗል። ጸበሉን ይዘን እዚህ ተቀምጠን ብናከብረው፣ ጸበሉ ይተርፋል፣ እትዬ በላይነሽ ግን ያልፋሉ። ባለቤቱ ይህን ይወዳል ብዬ አላምንም። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። አንቺ ግን አንድ ነገር እወቂ፣ ጄሪካኑን ስትገለብጪ በእጅሽ የሚቀር ነገር የለም። የምትይዢው ባለቤቱን ብቻ ነው።»

ሞተሩ ቀዝቀዝ እስኪል ጠበቅን። ቄስ ጥበቡ ነጠላውን አንስተው በቀዩ ሰደርያ ላይ ተከናነቡ፣ መስቀላቸውን አወጡ። ኮፈኑን ከፍቼ የራዲያተሩን ክዳን በሻሼ ይዤ ፈታሁት። እሳቸው እየጸለዩ እኔ ቀዳሁ። ያቺ አሮጌ መኪና ጸበሉን እየተንቦጫረቀች ጠጣች፣ ጠጣች፣ አልጠግብ አለች። እንባዬ በአፍንጫዬ እየወረደ ነበር። ስጨርስ ከጄሪካኑ ሥር የቀረው ስኒ የማይሞላ ነበር። ክዳኑን ገጥሜ ለቄስ ጥበቡ ሰጠኋቸው።

ሞተሩ ተነሳ። መለኪያው ወረደ።

እንግዲህ በዚያ ቅጽበት የሆነብኝን ልንገራችሁ። መሪውን ስይዝ እጄ አልተንቀጠቀጠም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁልጊዜ የምደገፈው አንድ ነገር ነበረኝ፤ አንዴ ምላሴ፣ አንዴ ላ ሲየኔጋ፣ አንዴ የእማዬ ጄሪካን። አሁን ሁሉም አልቋል። ባዶ እጄን ነበርኩ፣ ግን ከሱዳን በረሃ ወዲህ ያላገኘሁት ሰላም ደረቴን ሞላው። ፍርሃቱን ፈልጌ አጣሁት። «ጌታዬ፣ እነሆ መሪው» አልኩ ድምፄን አውጥቼ።

«መሪውንስ አንቺው ያዢው» አሉ ቄስ ጥበቡ ደንግጠው።

መንገዱ ተከፈተ። ነዳሁ! ምን ልበላችሁ፣ በግራ መስመር ነዳሁ። ያ ሁሉ ዘመን ላ ሲየኔጋ እያሉ የሳቁብኝ ወንዶች ቢያዩኝ ኖሮ ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር። የቶራንስ ነዳጅ ማጣሪያ ጭስ ማውጫዎች ሲታዩ ቀትር አልሆነም ነበር።

ከእማዬ ክፍል በር ላይ ነርሷ አቆመችን። ፊሊፒናዊት ነበረች። እኔን አሳለፈችኝና ቄስ ጥበቡን ከላይ እስከ ታች፣ በተለይም ጀርባቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ አየች።

«ቄሱ የት አሉ? እኚህ ፓርኪንግ የሚሠሩ ናቸው» አለችኝ።

«ፓርኪንግ የሚሠሩት እኚህ ናቸው፣ ቄሴም እኚሁ ናቸው!» አልኳት። በኮሪደሩ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «በሥራ ቀን መኪና ያቆማሉ፣ በሰንበት ሕዝብ ያቆማሉ። ዞር በይልኝ!»

ቄስ ጥበቡ ከምሳ ቦርሳቸው መስቀሉን አወጡ። ነርሷ አማተበችና በሩን ከፈተችልን።

እማዬ አልጋዋ ላይ በሐኪም ቤቱ ልብስ ተቀምጣለች። ስታየን ፊቷ በራ። መስቀል ተሳለመች። ወዲያው ግን ዓይኗ ጄሪካኑ ላይ አረፈ። የሰው እጅ ውስጥ ያለ ዕቃ ሙሉ ይሁን ባዶ እማዬ በሩቁ ታውቃለች።

«ምነው ቀለለ?»

ልቧ ታማሚ ነው፣ ሊከፍቷት ነው፣ ምን ብዬ ልንገራት? ቄስ ጥበቡ ቀደሙኝ።

«እትዬ በላይነሽ፣ መንገድ ላይ አንድ የተጠማ አግኝተን ነበር። ሊወድቅ ነበር። ከጸበሉ አጠጣነው።»

እማዬም «ደግ አደረጋችሁ» አለች። «የተጠማን ማለፍ ነውር ነው። ለእኔም የተረፈው ይበቃኛል፣ አምጡት ልጠጣ።»

ነርሷ ጄሪካኑን ስታይ በሁለት እጇ ከለከለች። ከማደንዘዣ በፊት አንድ ጠብታ ውሃ እንኳ በአፏ መግባት የለበትም፣ ከገባ ኦፕሬሽኑ ይቀራል አለች። ለካ ጄሪካኑን ሙሉውን ባመጣላትም ኖሮ መጠጣት አትችልም ነበር! መንገድ ላይ ያለቀስኩለት ጸበል በዚያን ቀን ከጠብታ በላይ አያስፈልግም ነበር፤ እሱም ተርፎልኛል። ቄስ ጥበቡ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

«ጸበል ይጠጣል፣ ይረጫልም» አሏት ለእማዬ። እሷም በእሺታ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ጸሎት አድርገው ግንባሯንና ደረቷን ረጩላት።

ሐኪሙ በዚህ መሃል መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ረጅም፣ ሽበታም ፈረንጅ ነው። እማዬ አየችው።

«የእሱንም እጅ እርጩልኝ» አለች።

ተረጎምኩለት። ፈገግ አለና «እኔ ሃይማኖተኛ አይደለሁም» አለኝ። ይህንንም ተረጎምኩላት።

«እኔ መቼ ሃይማኖቱን ጠየቅሁት? እጁን ነው ያልኩት።»

ስነግረው ሳቀ፣ ግን ቀረበና ሁለቱን መዳፎቹን ዘረጋ። የጄሪካኑ የመጨረሻ ጠብታ እዚያ አለቀ። እማዬ «አሁን ውሰዱኝ» አለች። አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት እንደ ሙሽራ ኮርታ ነበር።

ብዙ ሰዓት ጠበቅን። የዱሮዋ ሙሉነሽ ብትሆን ኖሮ ኮሪደሩን ስትለካው፣ ነርሶቹን ስታስጨንቅ ትውል ነበር። እኔ ወንበሩ ላይ ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እውነተኛ እንቅልፍ። ቄስ ጥበቡ ናቸው የቀሰቀሱኝ። ሐኪሙ ፊቴ ቆሟል፤ የራስ መሸፈኛውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

«ጠንካራ እናት አለችሽ» አለኝ። «ልቧ በደንብ እየመታ ነው።»

እልል አልኩ። በቶራንስ ሐኪም ቤት ኮሪደር ውስጥ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ባዶ ሆዴን እልልታዬን አቀለጥኩት። ጥበቃ እየሮጠ መጣ፤ ነርሷ «ተዋት» አለችው።

ጥቂት ቀናት አልፈው እማዬ ቀና ብላ መቀመጥ ስትጀምር በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰላችሁ?

«ያ የተጠማው ሰው ዳነ?»

«የቱ ሰው?»

«መንገድ ላይ ያጠጣችሁት ነዋ!»

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ጋሎኑን እንዴት እንዳወጣሁ፣ ታክሲዋ እንዴት እንደፈላች፣ ቄስ ጥበቡ በሰደርያ ላይ ነጠላ ለብሰው እንዴት እንደጸለዩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጣዋን ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል ትራሷን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ስፌቱ እንዳያማት እየተጠነቀቀች በሳቅ ትንፈራፈራለች።

«አንቺ ልጅ፣ አታስቂኝ፣ ልትገይኝ ነው! መኪና ጸበል አጠጣሽ?» እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «እኔ ከአገሬ ስሸከመው ለራሴ ያመጣሁት መስሎኝ ነበር። ለካ ለአንቺም ነው።»

ራዲያተሩ ከዚያ ወዲህ አላፈሰሰም ብዬ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ውሸት ይሆናል። ብዙም ሳይቆይ አስቀየርኩት። ሜካኒኩ አሮጌውን ውሃ ወደ ፍሳሽ ሊደፋው ሲል ስጮህበት እብድ መስዬው ነበር። በባልዲ ተቀብዬ፣ ሰው የማይረግጠው ጥግ ፈልጌ፣ በክብር ደፋሁት። ቄስ ጥበቡ የፓርኪንግ ሥራቸውን በዚያው አጡ፤ ስለዚያ ግን ከአፋቸው አንድ ቃል ወጥቶ አያውቅም። እነዚያ የሚያሾፉብኝ ሹፌሮች ናቸው ሰምተው ሌላ ሥራ የፈለጉላቸው። እኔንም ከዚያ ወዲያ እሜቴ ላ ሲየኔጋ ያለኝ የለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ታክሲ ነጂ ነኝ። ግን አንድ ነገር ከልቤ ልንገራችሁ። ፍርሃቴ የለቀቀኝ ብዙ ስለነበረኝ አልነበረም፤ የያዝኩትን ሁሉ አፍስሼ እግዚአብሔርን ብቻ በያዝኩባት ሰዓት ነው። ብዙዎቻችን ለክብሩ ብለን አንድ ነገር ከኋላ ኮፈን አስተኝተን እንሄዳለን፤ ሰጪውን ግን ከፊት ወንበር አናስቀምጥም። በዚያን ቀን ከፊት አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላም ሕይወቴ ብዙ ጊዜ ፈልታለች፣ መንገድ ዳርም አቁማኛለች። እጄ ግን እንደዚያ ዘመን አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እኮራለሁ፣ ኩራቴም በእሱ ነው።

እማዬ ከሐኪም ቤት የወጣችበትን ቀን ነግሬያችሁ ላብቃ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋኋት ወደ ታክሲዬ አመጣኋት። በሩን ከፍቼ ላስገባት ስል «ቆይ» አለችኝና ወንበሩን ወደ ፊት እንዳዞረው በእጇ አሳየችኝ። አዞርኩላት። የመኪናዋን ኮፈን እንደ ጎረቤት ትከሻ በመዳፏ ቀስ ብላ መታ መታ አደረገችው።

«እንኳን አብሮ ማረን» አለቻት።

ከዚያ ገባችና ነጠላዋን አስተካከለች። በየት በኩል እንደምንሄድ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። በፍሪዌይ ወደ ቤታችን ወሰድኳት።